ልጄ ደጋግማ ትስላለች፤ የቤታችን ጭስ ይሆን?

አንዲት እናት የላኩልን ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል። «የ14 ወር ልጅ አለችኝ። ጉንፋን ከያዛት ሳሉ ቶሎ አይለቃትም። አንዴም የሳንባ ምች ነው ተብሎ መድኃኒት ወስዳለች። የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ምግብ የማበስለው አንዳንዴ በሲሊንደር ጋዝ፣ ብዙ ጊዜ ግን በከሰል ነው። ባለቤቴ መስኮት አጠገብ ቆሞ ያጨሳል። ማታ ማታ ደግሞ ትንኝ ለማባረር የሚጨሰውን ጥቅልል እንለኩሳለን። እናቴ ‹እናንተንስ በጭስ አይደል ያሳደግኋችሁ? ምን ሆናችሁ?› ትለኛለች። እውነት የሚያሳምማት ጭሱ ነው? መስኮት መክፈት ይበቃል? ወይስ የአየር ማጣሪያ ልግዛ?»

የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ይህን ጥያቄ በተለያየ መልኩ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ዋናውን መልስ ላስቀድም። ጉንፋኑን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ጭሱ አይደለም። ጭሱ ግን ያ ጉንፋን ከአፍንጫና ከጉሮሮ አልፎ ወደ ሳንባ እንዲወርድ መንገድ ይከፍትለታል። መስኮት መክፈት ይረዳል እንጂ አይበቃም። ማጣሪያውን ለጊዜው ይተዉት። ገንዘቡንም ጉልበቱንም የሚያውሉበት የተሻለ ቦታ አለ።

ራስዎንም አይውቀሱ። አንድ ክፍል ውስጥ ለሚኖር ሰው «ማብሰያውን ከመኝታው ለዩ» ብሎ መምከር ለመካሪው ብቻ ነው የሚቀለው። እዚህ የምጽፈው ባለዎት ክፍል፣ ባለዎት አቅም ሊሆን የሚችለውን ነው።

በመጀመሪያ ሳሉን እንመልከት። በልጅዎ ዕድሜ ያለ ፍጹም ጤነኛ ሕፃን በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ሊይዘው ይችላል። ከሌሎች ልጆች ጋር የሚውል ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። አንዱ ጉንፋን ደግሞ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት ያስላል። ስለዚህ አንዱ ሳይለቅ ሌላው ሲተካ ልጁ ዓመቱን ሙሉ የታመመ ይመስላል። እኔን የሚያሳስበኝ ስንት ጊዜ ሳለች የሚለው አይደለም። ሳሉ ስንት ጊዜ ወደ ደረት ወረደ የሚለው ነው። የእርስዎ ልጅ አንዴ የሳንባ ምች ነክቷታል፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሦስት ዓይነት ጭስ አለ። ጥያቄዎ ተገቢ ነው የምልዎት ለዚህ ነው።

ጭስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዓይን የሚያቃጥለውን ነጭ ነገር ነው። ሳንባን አብዝቶ የሚጎዳው ግን በዓይን የማይታየው ደቃቅ ብናኝ ነው። መጠኑ ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮሜትር ይጠጋልና ልዩነቱን ያስቡት። ይህን ያህል የደቀቀ ነገር አፍንጫ አያስቀረውም፤ ጉሮሮም አያግደውም። በቀጥታ ኦክስጅን ወደ ደም ወደሚገባባቸው የአየር ከረጢቶች ይደርሳል።

ከዚያ የሚሆነው ይህ ነው። የአየር ቧንቧችን ግድግዳ ላይ በጣም ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። እንደ መጥረጊያ ሆነው አክታውን፣ አቧራውንና ጀርሙን ወደ ላይ ይገፋሉ። ጭስ እነዚህን ፀጉሮች ያደክማል፤ ቧንቧውንም ያስቆጣዋል፣ ያሳብጠዋል። ሳንባ ውስጥ ጀርም የሚበሉ የመከላከያ ሴሎችም በብናኝ ተጠምደው ዋና ሥራቸውን ይዘነጋሉ። በዚህ መሃል ጉንፋን ሲመጣ ወደ ታች የሚወርድበት በር ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል።

ሕፃን ላይ ይህ የሚብሰው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በደቂቃ የሚተነፍሰው ከአዋቂ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ከክብደቷ ጋር ሲነጻጸር ከእርስዎ በጣም የበለጠ አየር ታስገባለች፤ አብሮም የበለጠ ጭስ። ሁለተኛ፣ ቧንቧዋ ጠባብ ነው። አንድ ቧንቧ በግማሽ ሲጠብ አየር ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ጉልበት በግማሽ ብቻ አይጨምርም፤ እስከ 16 እጥፍ ይደርሳል። አዋቂ ላይ ትንሽ ማሳከክ የሚሆን እብጠት ሕፃን ላይ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛ፣ ሳንባዋ ገና እየተሠራ ነው። አብዛኞቹ የአየር ከረጢቶች የሚፈጠሩት ከተወለደች በኋላ፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ነው። አሁን ያለችው እዚያው መሃል ነው።

ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ አለመሆኑንም ልንገርዎ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ከቤት ውስጥ የምድጃ ጭስ ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከእነሱ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ድርጅቱ በ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮግራም በላይ ደቃቅ ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ እንዳይኖር ይመክራል። አየር በደንብ በማይዘዋወርበት ቤት እንጨት ወይም ከሰል ሲነድ ግን ብናኙ ጤናማ ከሚባለው መጠን እስከ 100 እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

አሁን ወደ እርስዎ ክፍል ልግባ።

ከከሰሉ ልጀምር፤ ሌሊቱን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ከሰል ከፋመ በኋላ ጭሱ ስለማይታይ «አሁንማ ጠራ» እንላለን። ልጅም እናስጠጋለን። ግን ከሰል በፋመ ጊዜም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ በብዛት ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ አያስልም። ከደማችን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። ሰውዬው ሳይታፈን የታፈነ ያህል ይሆናል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና ድካም ነው። ሕፃን ራሴን አመመኝ አትልም፤ ትነጫነጫለች፣ ታስመልሳለች፣ ወይም ያለ ወትሮዋ ትተኛለች። ቤት ያለው ሰው ሁሉ አብሮ ካመመውና ውጭ ሲወጣ ከተሻለው፣ ምግብ ተመርዞ ነው ብለው አይለፉት። መጀመሪያ ልጅቷን ይዘው ይውጡ። ሁሉም ሰው ይውጣ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምለምንዎት ይህን ነው። ከሰል የነደደበት ክፍል ውስጥ አትተኙ። ለማሞቂያ ብላችሁም አታሳድሩት። አመድ የለበሰ ፍምም ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። ክፍሉ አንድ ከሆነ ደግሞ ምድጃውን ውጭ አቀጣጥለው፣ ውጭ አብስለው፣ ውጭ ይተዉት። በረንዳም ሆነ ደጃፍ ይበቃል፤ ብቻ ጭሱ ተመልሶ በበሩ እንዳይገባ ከበርና ከመስኮት ራቅ ይበል። ዝናብ ከሆነና ውጭ ማብሰል ካልተቻለ ያን ቀን የሲሊንደር ጋዙን ይጠቀሙ።

ስለ ጋዙ ብዙ አልልም። የሲሊንደር ጋዝ ከከሰልና ከእንጨት በእጅጉ የተሻለ ነው። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚባል አየር ቧንቧን የሚያስቆጣ ጋዝ ስለሚያወጣ ሲያበስሉ መስኮት ይከፈት። ኤሌክትሪክ ምድጃ ካገኙ ከሁሉም ይሻላል። ላምባ ግን በጋዙ ምትክ እንዳይገባ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ላምባን እንዳንጠቀም በግልጽ ይመክራል። ያለዎት የጋዝ መጠን ውስን ከሆነ፣ ጋዙን ልጅቷ ቤት ውስጥ ላለችበትና ለምትተኛበት ሰዓት ይቆጥቡት። ብዙ ሰዓት እሳት ላይ የሚቆየውን ነገር ውጭ በከሰል ያድርጉት።

ሌላው ነገር ልጅቷ የምትሆንበት ቦታ ነው። ሲያበስሉ ትታዘላለች፣ ወይም እግርዎ ሥር ትጫወታለች ብዬ እገምታለሁ። ልጆቻችንን በቅርብ የምናደርገው ወድደን፣ ሰግተንም ነው። ግን የሚያበስል ሰው ፊት ላይ ያለው ጭስ ሌላው ጥግ ካለው ይበልጣል፤ ጀርባው ላይ ያለችው ልጅም የምትተነፍሰው ያንኑ ነው። በዚያ ሰዓት አባት፣ አያት ወይም ጎረቤት ይዘዋት ይውጡ። ምንም ወጪ የሌለው፣ ዛሬውኑ የሚጀመር ነገር ይህ ነው። ከእሳትና ከፈላ ውኃም ያርቃታል፤ እኔ ሕፃናት ተቃጥለው ሲመጡ ማየት አልፈልግም።

ወደ ሲጋራው ልለፍ። እዚህ ላይ ለባለቤትዎ በቀጥታ ልናገር። ወንድሜ፣ መስኮት ጋ መቆምህ ለልጅህ ማሰብህን ያሳያል። ግን አልሠራም። ነፋሱ ከጭሱ የተወሰነውን መልሶ ወደ ቤት ያስገባዋል። የገባውም የክፍሉ አየር ላይ ለሰዓታት ይቆያል። ልብስህ፣ እጅህና ጺምህ ላይ የተጣበቀውም ልጅቷን ስታቅፋት ወደ እሷ ያልፋል። የአሜሪካ የጤና ዋና ኃላፊ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ሰፊ ሪፖርት መረጃውን ሁሉ ከመረመረ በኋላ የደረሰበት መደምደሚያ ግልጽ ነው። ሌላ ሰው ከሚያጨሰው ሲጋራ «ይህን ያህል አይጎዳም» የሚባል መጠን የለም። አጫሹን ለይቶ ማስቀመጥ፣ አየር ማጣራትና መስኮት መክፈት ሙሉ በሙሉ አይከላከሉም። አጫሽ ባለበት ቤት የሚያድጉ ሕፃናት ብሮንካይትስ የሚባለው የአየር ቧንቧ ሕመምና የሳንባ ምች ይበዛባቸዋል። የጆሮ ኢንፌክሽንና የአስም ማገርሸት ይበዛባቸዋል። በጨቅላነት ደግሞ በእንቅልፍ ላይ ድንገት የመሞት አደጋም ይጨምራል።

ማቆም ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ሱስ ነው እንጂ የፍቅር ማነስ አይደለም። ለማቆም እርዳታ ይጠይቅ። እስከዚያ ግን ሲጋራ ከቤት ውጭ ይሁን፤ ከመስኮቱ ሳይሆን ከቤቱ። ከቤቱ ራቅ ብሎ ያጭስ፣ ሲያጨስ የሚደርበውን ልብስ ውጭ ይተው፣ እጁን ታጥቦ ይቀፋት። መኪና ውስጥማ ልጅ ባትኖርም አይጨስ።

የትንኙን ጥቅልል ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። መድኃኒት ስለሚመስል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ የላቦራቶሪ ጥናት ግን የአንድ ጥቅልል ጭስ የሚያወጣው ደቃቅ ብናኝ ከ75 እስከ 137 ሲጋራ ከሚያወጣው ጋር እንደሚተካከል አሳይቷል። ልጅ በተኛችበት ዝግ ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ማለት ነው! ይህን ዛሬ ማታ ያቁሙት። ግን ወባ ያለበት አካባቢ ከሆነ ያለ መከላከያ እንዳትተዋት። አጎበር ይዘርጉ። አጎበር አይጨስም፣ ከጥቅልሉም በተሻለ ይከላከላል። ዕጣንም ሆነ ሽታ ያለው ሻማ የሚነድ ነገር ነውና ልጅቷ ባለችበት ክፍል አይለኮስ።

እናትዎ ያሉት ነገር ቀላል መልስ የለውም፤ በንቀትም መታየት የለበትም። ብዙዎቻችን በጭስ አድገናል፣ ቆመንም እንሄዳለን። ጭስ ያገኘው ልጅ ሁሉ አይታመምም። ነገር ግን «ምን ሆናችሁ?» የሚለው ጥያቄ የሚጠየቀው በሕይወት ያለው ሰው ብቻ ነው። በዚያ ዘመን በሕፃንነታቸው «ደረቱን አሞት» ተብለው የሄዱት አይጠየቁም። ለእናትዎ ይህን ሲነግሯቸው በጨዋ ቋንቋ ያድርጉት። እሳቸውም በጊዜው ያላቸውን ሁሉ ነው ያደረጉት። የራሳቸውስ ሳንባ እንዴት ነው? ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ ጧት ጧት የሚስሉ ከሆነ ለዓመታት የሳቡት ጭስ ሊሆን ይችላልና ቢታዩ ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ በሐቀኝነት መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ምድጃ መቀየር ብቻውን የሳንባ ምችን ያስቀራል ብዬ ቃል አልገባልዎትም። ጥናቶቹ እንደዚያ አይሉም። ጓቲማላ ውስጥ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ለቤተሰቦች ሰጥቶ ነበር። ልጆቹ የሚያገኙት ጭስ በግማሽ ቀነሰ። ከባድ የሚባለው የሳንባ ምች በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀነሰ፤ አጠቃላይ የሳንባ ምች ላይ ግን በእርግጠኝነት ቀነሰ የሚያሰኝ ውጤት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የማላዊ ጥናት እንጨትን በተሻለ የሚያነድ ምድጃ ሞከረ፤ ልዩነት አላገኘም። ቆይቶ ደግሞ በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ ነፍሰ ጡሮች የሲሊንደር ጋዝ ተሰጣቸው። ብናኙ በደንብ ቀነሰ። የሕፃናቱ ከባድ የሳንባ ምች ግን በመጀመሪያው ዓመት በግልጽ አልቀነሰም።

ይህን አንብቦ «እንግዲያው ጭስ አይጎዳም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እኔ እንደዚያ አላነበውም። የሳንባ ምች አንድ ምክንያት ብቻ የለውም። ክትባት፣ የጡት ወተት፣ የምግብ እጥረት፣ መጨናነቅና ሕክምና በጊዜ ማግኘት ሁሉም አብረው ይወስናሉ። ደግሞም ከምድጃው ሌላ ሲጋራ፣ ጥቅልልና የጎረቤት ጭስ ካለ፣ አንዱን ዘግቶ ሌላውን ክፍት መተው ይሆናል። የጓቲማላው ውጤት ሌላም ነገር ይነግረኛል። ጭሱን በግማሽ መቀነስ የበሽታውን ግማሽ አይቀንስም። በጣም ብዙ ከሆነ ጭስ ላይ ትንሽ ሲቀነስ የቀረውም ገና ብዙ ነው። ትልቁ ጥቅም የሚመጣው ወደ ንጹሕ አየር ስንጠጋ ነው። ከሦስቱ የጭስ ምንጮችዎ አንዱን ከመቀነስ ሦስቱንም ከክፍሉ ማውጣት የምመክረው ለዚህ ነው።

መስኮቱስ? ይክፈቱ፣ ግን በሁለት በኩል። አንድ መስኮት ብቻ ሲከፈት አየሩ ብዙም አይንቀሳቀስም። በርና መስኮት ትይዩ ሆነው ሲከፈቱ ነው ጠራርጎ የሚወጣው። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሻጋታ ካለም ይመልከቱ። እርጥበትና ሻጋታ አስምንና ሲር ሲር የሚል ትንፋሽን ያባብሳሉ። ሲያጸዱት በረኪናን ከአሞኒያ ወይም ከአሲድ ጋር አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ራሱ ሳንባ ያቃጥላል።

የአየር ማጣሪያ ማሽን ብናኝን መያዝ ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አይዝም። እሳቱና ሲጋራው እዚያው እያለ ማጣሪያ መግዛት ሁለተኛውን ሥራ ከመጀመሪያው ማስቀደም ነው። ምንጮቹ ወጥተው፣ ውጭ ያለው አየርም መጥፎ ሆኖ ገንዘብ ከተረፈዎት ያን ጊዜ ያስቡበት። ኦዞን የሚባለውን ሳንባ የሚያስቆጣ ጋዝ የሚያመነጭ ማሽን ግን በነጻ ቢሰጡዎትም አያስገቡ። በማሰሮ የሚተከል አበባ ያምራል እንጂ የክፍል አየር አያጣራም።

የክትባት ካርዷን ያውጡና ይዩት። የሳንባ ምችን ከሚያመጡ ዋና ዋና ባክቴሪያዎች የሚከላከሉ ክትባቶች አሉ። የኩፍኝና የትክትክ ክትባቶችም ሳንባዋን ይጠብቃሉ። ያመለጠ ካለ ይሟላ። ጡት እየጠባች ከሆነ ይቀጥሉ። ለሳሉ ብለው ትኩስ እንፋሎት ፊቷ ላይ አያድርጉ፤ የማቃጠል አደጋው ከጥቅሙ ይበልጣል። ለአዋቂ የተሠራ የሳል ሽሮፕም አይስጧት። አንቲባዮቲክ ለቫይረስ ጉንፋን አይሠራም፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይግዙ።

ስታምም የሚያዩትን ልንገርዎ። ስትረጋጋ ወይም ስትተኛ ልብሷን ገልጠው፣ ደረቷና ሆዷ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። በእሷ ዕድሜ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ በዚያው ቀን ትታይ። ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን ከሆነ ገደቡ 50 ነው፤ ከ2 ወር በታች ደግሞ 60። ስትተነፍስ የደረቷ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ካቃሰተች፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃታት፣ የወሰደችውን ሁሉ ካስመለሰች፣ ካንቀጠቀጣት፣ ከደነዘዘች ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ ሰዓት አይቁጠሩ። ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

እንዲህ ያለ ምልክት ባይኖርም ሳሉ ከሦስት ሳምንት ካለፈ፣ ክብደት ካልጨመረች፣ የምትተነፍሰው ሲር ሲር እያለ ከተደጋገመ፣ ወይም እየተጫወተች ሳለ ድንገት ታንቃ የጀመራት ሳል ከሆነ መመርመር አለባት። አስም፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቧንቧዋ ውስጥ የገባ ባዕድ ነገር ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡም እሱ ባይጠይቅዎት እንኳ ቤት ውስጥ ምን እንደሚነድ፣ ማን እንደሚያጨስና ልጅቷ የት እንደምትተኛ ይንገሩት።